በጆንያው ላይ የተጻፈው

አማርኛ ተናጋሪ ገበያ ወጥቶ «አንድ ማዳበሪያ ከሰል» ሲል ማንም ግራ አይጋባም። ከሰሉ ማዳበሪያ አይደለም፤ ማዳበሪያ የተባለው ከሰሉ የተሞላበት ጆንያ ነው። ዩሪያና ዳፕ ወደ ገጠር የገቡባቸው ነጫጭ ጆንያዎች፣ ይዘታቸው ማሳ ላይ ተበትኖ ካለቀ በኋላ፣ እህልም ድንችም አሮጌ ልብስም እየተሞላባቸው ዕድሜያቸው ረዘመ፤ ስሙም ከይዘቱ ወደ መያዣው ተሻገረ። ቋንቋ እንዲህ ያለውን ዝውውር ያውቅበታል፤ ጉዳትም የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ዝውውሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ነው፤ ሰዎች መያዣው ላይ የተጻፈውን ስም አንብበው በውስጡ ያለው ነገር ያ ብቻ ነው ብለው ሲያምኑ።

አሞኒየም ናይትሬት የተባለው ኬሚካል ያለፉት መቶ ዓመታት ታሪኩ በአብዛኛው የዚህ እምነት ታሪክ ነው። አደጋው ፈጽሞ ሳይታወቅ ቀርቶ ሰው ያለቀበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ዕውቀቱ ነበረ፤ ተጽፎም ነበረ። የጎደለው፣ ዕውቀቱ ጆንያውን ወደሚሸከመው፣ መጋዘኑን ወደሚቆልፈው፣ እሳቱን ለማጥፋት ወደሚሮጠውና በአቅራቢያው ወደሚኖረው ሰው መድረሱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ሲታይ ጨው ይመስላል፤ ነጭ ነው፣ ውኃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል። ዮሐን ግላውበር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1659 ሠርቶታል፤ በላቲን የሰጠውም ስም «የሚንቦገቦግ ጨው» ወደሚል የሚጠጋ ነበር። የመጀመሪያው ስም፣ እንግዲህ፣ ነገሩ ከእሳት ጋር ያለውን ዝምድና አልደበቀም። ከሁለት ክፍለ ዘመን ተኩል በኋላ ፍሪትዝ ሃበር ከአየር ናይትሮጅን አሞኒያ የሚሠራበትን መንገድ ሲያገኝ፣ ካርል ቦሽም መንገዱን ወደ ፋብሪካ ደረጃ ሲያሳድገው፣ ያ ጨው በቶን የሚለካ ሸቀጥ ሆነ። ከክብደቱ ከመቶ 35 እጅ ያህሉ ናይትሮጅን ስለሆነ ለሰብል ተመራጭ ነው። ከነዳጅ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ የድንጋይ ካባና የማዕድን ጉድጓድ ማፈንጃ ይሆናል። በ1913 በራይን ወንዝ ዳር በኦፓው የተከፈተው የአሞኒያ ፋብሪካ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ለእርሻ የታሰበውን ምርት ለጥይትና ለቦምብ አዋለ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ እርሻ ተመለሰ። ለዚህ ዙር ጉዞ ኬሚካሉ ጠባዩን መለወጥ አላስፈለገውም። የተለወጠው ስሙ ነው።

ጠባዩን ማወቅ ግን ከባድ አይደለም። ብቻውን ሲሆን አይነድም። ነገር ግን እሳት የሚፈልገውን ኦክስጅን በውስጡ ይዟል፤ ስለዚህ በአጠገቡ እንጨት፣ ወረቀት፣ ዘይት ወይም ናፍጣ ሲቃጠል እሳቱን ይመግበዋል። በር ዘግቶ አየር በመከልከል እሳቱን ማፈን አይቻልም፤ አየሩ ከውስጥ ይመጣልና። በ170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ከዚያ በላይ ሲግል እየፈረሰ ጋዝ ይተፋል። ጋዙ መውጫ ካጣ፣ ወይም የቀለጠው ነገር ከነዳጅና ከቆሻሻ ጋር ከተደባለቀ፣ እሳት የነበረው ፍንዳታ ይሆናል። ሌሎች ሁለት ጠባዮችም አሉት። አንደኛ፣ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የሳበ ክምር ደግሞ እንደ አሞሌ ይጠጥራል። ሁለተኛ፣ ሙቀቱ 32 ዲግሪን ባለፈና ተመልሶ በወረደ ቁጥር የቅንጣቶቹ ውስጣዊ ቅርጽ ይለወጣል፤ እየሰፉና እየጠበቡ ይፈረካከሳሉ። በሞቃት ወደብ ያለ መጋዘን ይህን መስመር ደጋግሞ ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ ለዓመታት የተቀመጠ ጭነት፣ ያን ዕለት የገባው ጭነት ነው ማለት አይቻልም።

የኦፓው ሠራተኞች ችግር የፊተኛው፣ መጠጠሩ ነበር። ፋብሪካው አሞኒየም ናይትሬትን ከአሞኒየም ሰልፌት ጋር ቀላቅሎ በግዙፍ ጎተራ ያከማች ነበር፤ በ1921 መስከረም ወር በዚያ ጎተራ ውስጥ 4,500 ቶን ያህል ነበረ። ክምሩ እንደ ዐለት ሲደርቅ በዶማ መቆፈር አስቸጋሪ ሆነ፤ ከላይ ተንዶ ቆፋሪውን ሊቀብረውም ይችላል። ስለዚህ ቀዳዳ እየበሱ ትንንሽ ድማሚት ማፈንዳት ልማድ ሆነ። ዛሬ ለሚያነበው እብደት ይመስላል፤ ያኔ ግን በሙከራ የተደገፈ አሠራር ነበር። የናይትሬቱ ድርሻ ከተወሰነ መጠን ካላለፈ ድብልቁ እንደማይፈነዳ ተፈትኖ ታይቷል። ድማሚቱም 20,000 ጊዜ ያህል ተተኩሶ አንዳች ነገር አልደረሰም።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ የማድረቂያው ዘዴ ተለወጠ። አዲሱ ዘዴ ምርቱን ይበልጥ ደረቅና ደቃቅ አደረገው፤ በክምሩ ውስጥም ናይትሬት የበዛባቸው ስፍራዎች እንዲፈጠሩ ምክንያት ሳይሆን አልቀረም። ወረቀቱ ላይ ድብልቁ ግማሽ በግማሽ ነበር፤ ክምሩ ግን በየቦታው ግማሽ በግማሽ አልነበረም። ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ በሚገኘው በክሪቫልድ፣ በባቡር ፉርጎ ውስጥ የጠጠረ አሞኒየም ናይትሬት በፈንጂ ሲፈለፈል ፈንድቶ 19 ሰዎች ሞተው ነበር። በኦፓው ሥራው ቀጠለ። መስከረም 21 ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ጎተራው ፈነዳ። የፈነዳው ከክምሩ አንድ አሥረኛ ያህሉ ብቻ እንደሆነ ይገመታል፤ ያም ሆኖ ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ከከተማዋ ቤቶች አብዛኞቹ ፈረሱ፣ ድምፁም 300 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ሙኒክ ተሰማ። ሃያ ሺህ ጊዜ ያልፈነዳ ነገር፣ ሃያ ሺህ ጊዜ አለመፈንዳቱ እንደ ማረጋገጫ ተቆጥሮለት ነበር።

በቴክሳስ ሲቲ የሆነው ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ጥፋቱ ከጆንያው ጽሑፍ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ አውሮፓ ተርባ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በጦርነቱ ጊዜ የጥይትና የቦምብ ግብዓት ያመርቱ የነበሩ ፋብሪካዎቹን አሞኒየም ናይትሬት ማዳበሪያ እንዲያመርቱ አደረገ። እርጥበት እንዳይስብ ቅንጣቶቹ በሰምና በመሰል ቅባት ተለበጡ፤ በወረቀት ከረጢትም ታሸጉ። በሌላ አነጋገር፣ እሳትን የሚመግበው ኬሚካል በሚነድ ነገር ተቀብቶ በሚነድ ነገር ተጠቀለለ። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ግን ማዳበሪያ መሆኑን ነበር። በባቡር ተጭኖ ወደብ ሲደርስ አንዳንዱ ከረጢት ለእጅ ይሞቅ እንደነበር ጫኞቹ በኋላ ተናግረዋል። የጫኝ እጅ የተረዳውን የሚመዘግብ ቅጽ ግን አልነበረም።

ሚያዝያ 16 ቀን 1947 ጠዋት፣ ግራንድካምፕ በተባለችው የፈረንሳይ መርከብ አንድ የጭነት ክፍል ውስጥ ጭስ ታየ። በመርከቧ ላይ 2,300 ቶን ያህል አሞኒየም ናይትሬት ነበር። ውኃ በብዛት ማፍሰስ ጭነቱን ያበላሻል ተባለ፤ የመርከቧ አዛዥ የክፍሉ መዝጊያ እንዲከደንና እንፋሎት እንዲለቀቅበት አዘዘ። ጥጥ ወይም እህል ለጫነ መርከብ ይህ የታወቀና የሚሠራ ዘዴ ነው፤ እሳቱን አየር ይነፍገዋል። ለዚህ ጭነት ግን ከሁሉ የከፋው ነበር፤ ሙቀት ጨመረለት፣ መውጫም ነሣው። ከመርከቧ የወጣው ጭስ ብርቱካንማ መልክ ስለነበረው ሰው ሊያየው ወደ ወደቡ ተሰበሰበ፤ ልጆችም ነበሩበት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ መርከቧ ፈነዳች። በማግስቱ ሌሊት፣ በአጠገቧ ቆማ የነበረችው ሃይ ፍላየር የተባለች ሌላ ናይትሬት የጫነች መርከብ ደገመች። በጠቅላላው ቢያንስ 581 ሰዎች ሞቱ። ከከተማዋ 28 የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ሠራተኞች 27ቱ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ያውቁ ነበር፤ ያላወቁት ምን እንደሚነድ ነው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ጥያቄው እንደገና ወደ ጽሑፍ ተመለሰ። የተጎጂ ቤተሰቦች የአሜሪካን መንግሥት ከሰሱ፤ ኬሚካሉን ያመረተው፣ ከረጢቱን የመረጠውና ምን እንደሚጻፍበት የወሰነው መንግሥት ነበርና። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። በ1953 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ ክሱን ጣለው፤ እነዚህ ውሳኔዎች ከላይ በባለሥልጣናት ደረጃ በፖሊሲ የታቀዱ ስለሆኑ መንግሥት አይጠየቅባቸውም አለ። በልዩነት ከጻፉት ዳኞች አንዱ በኑረምበርግ የናዚ መሪዎችን የከሰሰው ሮበርት ጃክሰን ነበር። ካሣው የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኮንግረሱ ባወጣው ልዩ ሕግ ነው። ጫኙ ከረጢቱን በተሳሳተ መንገድ ይዞ ቢሆን ኖሮ ቸልተኛ በተባለ ነበር፤ ከረጢቱ እንዲያ እንዲሆን የወሰነው ግን ፖሊሲ አውጪ ተባለ።

ከእነዚህ አደጋዎች የተወለዱት የማከማቻ ደንቦች ረጅም አይደሉም። ኬሚካሉ ከነዳጅ፣ ከዘይት፣ ከአሲድ፣ ከብረት ዱቄት፣ ከድኝ፣ ከእንጨት ፍቅፋቂና ከማንኛውም ፈንጂ ተለይቶ ይቀመጥ። ወለሉ የማይነድና ከቆሻሻ የጸዳ ይሁን። አየር የሚያስወጣ መስኮት ይኑር። ክምሩ ከግድግዳው ይራቅ፣ በክምርና በክምር መካከልም ሰው የሚያልፍበት ክፍተት ይተው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ከ54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ ናይትሬት የያዘ ከረጢት መጋዘን እንዳይገባ ይከለክላል፤ የቴክሳስ ሲቲ ጫኞች በእጃቸው ያወቁት ነገር በመጨረሻ ቁጥር ተሰጠው። እሳት በአጠገቡ ከተነሣ ገና በጅምሩ ብዙ ውኃ ይፍሰስበት፣ በሮች ይከፈቱ፤ እሳቱ ወደ ክምሩ ከደረሰ ግን ሰው ሁሉ ይሽሽ። የሚወጣው ጭስ ቀይ ወይም ብርቱካንማ ከሆነ የሚታይ ትርኢት ሳይሆን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ዩሪያ ከዚህ ይለያል፤ በኢትዮጵያ ገበሬ እጅ በብዛት ያለው እርሱ ነው፤ እንደ አሞኒየም ናይትሬት እሳትን የሚመግብ ኦክስጅን ሰጪ አይደለም።

ደንቡ ካለ በኋላም ግን አደጋው አልቆመም። መስከረም 21 ቀን 2001፣ ኦፓው በፈነዳ ልክ በ80ኛ ዓመቱ፣ በፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ ከደረጃ በታች ሆኖ የተለየ ናይትሬት የተከማቸበት መጋዘን ፈንድቶ 31 ሰዎች ሞቱ። በ2013 በቴክሳስ ዌስት በምትባል ትንሽ ከተማ የማዳበሪያ መደብር ተቃጥሎ ፈነዳ፤ ናይትሬቱ የተቀመጠው በእንጨት በተሠሩ ማከማቻዎች ውስጥ ነበር። ከሞቱት 15 ሰዎች አብዛኞቹ እሳቱን ለማጥፋት የሮጡ ነበሩ። ቴክሳስ ሲቲ ከዚያ የምትርቀው የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው።

ቤይሩት ላይ የሆነው ደግሞ የደብዳቤ ታሪክ ነው። ሮሱስ የተባለች የሞልዶቫ ሰንደቅ ዓላማ የምታውለበልብ አሮጌ መርከብ በ2013 መኸር 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ጭና ከጆርጂያዋ ባቱሚ ወደ ሞዛምቢኳ ቤይራ ስትጓዝ ቤይሩት ወደብ ገባች። ለጉዞ ብቁ አይደለችም ተብላ ታገደች፤ ባለቤቷም ተዋት። በ2014 ጭነቱ ወርዶ 12ኛው መጋዘን ውስጥ ገባ። መርከቧ ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ እዚያው ወደብ ሰጠመች፤ ጭነቷ ግን ቀረ። ከ2014 እስከ 2017 የጉምሩክ ኃላፊዎች ቢያንስ ስድስት ደብዳቤ ለፍርድ ቤት ጻፉ፤ ጭነቱ ወደ ውጭ እንዲላክ ወይም ለሠራዊቱ እንዲሰጥ አለዚያም በአገር ውስጥ ላለ ፈንጂ አምራች እንዲሸጥ ጠየቁ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን በመዝገብ ቤት አማርኛ ቢጽፉት ከዚህ የተለየ አይሆንም ነበር። ደብዳቤው ከክፍል ወደ ክፍል ተመላለሰ፤ እያንዳንዱ ባለሥልጣን ማኅተም አድርጎ ለሚቀጥለው አስተላለፈ። በሐምሌ 2020 የደኅንነት መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ ለፕሬዚዳንቱና ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ደረሰ። በዚያው መጋዘን ውስጥ ርችት ጭምር ነበር።

ነሐሴ 4 ቀን 2020 ማታ ከ12 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ እንዳለፈ መጋዘኑ ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ከ6,000 በላይ ቆሰሉ፣ 300,000 ያህሉ ቤት አልባ ሆኑ። እሳት ተነሥቷል ተብለው የተላኩ አሥር የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሩ ላይ ሞቱ፤ ውስጡ ያለውን የነገራቸው አልነበረም። የቴክሳስ ሲቲው ታሪክ ከ73 ዓመት በኋላ በሌላ ቋንቋ ተደገመ። ልዩነቱ በቤይሩት ጆንያው ላይ ያለውን የሚያነብ ሰው አለመጥፋቱ ነው። ተነብቧል፣ ተገልብጧል፣ ተፈርሞበታል። መርማሪ ዳኛው ባለሥልጣናትን ሲጠራ የመጀመሪያው ከመዝገቡ ተነሣ፣ ሁለተኛውም በተደራራቢ ክስ ሥራው ለረጅም ጊዜ ታገደ።

በዚያች ከተማ በየፎቁ ብዙ ኢትዮጵያውያት ነበሩ። በከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኛን አይመለከትም። ከፍንዳታው ሁለት ወር ቀደም ብሎ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ፣ አሠሪዎች በርካታ ኢትዮጵያውያትን ያለ ደመወዝ ከነሻንጣቸው አምጥተው በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ነበር። ፍንዳታው የደረሰባቸው በዚህ ሁኔታ ላይ እያሉ ነው። የሚኖሩበት ቤት የአሠሪው ስለሆነ፣ ቤቱ ሲፈርስ ሥራም መጠለያም ሕጋዊ ፈቃድም አንድ ላይ ሄደ። በ2017 በቤት ሠራተኞች የተመሠረተው «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው ማኅበር ቀለብና መጠለያ በማፈላለግ ደረሰላቸው።

የአደጋ ዕውቀት ወደማን እንደሚደርስ የሚወሰነው ወደቡ ላይ ብቻ አይደለም። በእነዚያው ቤቶች ውስጥ አንዲት ሴት በየቀኑ የምትይዛቸው ጠርሙሶች አሉ፤ ጽሑፋቸው በዓረብኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው። በረኪና የሚለው የአማርኛ ቃል ራሱ ከጣልያንኛ ገብቶ የቀረ ነው፤ ስሙ ሲገባ ማስጠንቀቂያው አብሮ አልገባም። በረኪና ከአሲድነት ካለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር ሲቀላቀልም ሳንባ የሚጎዳ ሌላ ጋዝ ይሰጣል። መስኮት በሌለው ጠባብ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደንቡም ከመጋዘኑ ደንብ ጋር ይመሳሰላል፤ አትቀላቅል፣ አየር አስገባ፣ በዋናው ዕቃው ከነስሙ አስቀምጥ፣ ስሙ ወዳልተጻፈበት የውኃ ጠርሙስ አትገልብጥ።

የቤይሩት ወደብ የእህል ጎተራ ከመጋዘኑ አጠገብ ስለነበር የፍንዳታውን ኃይል በከፊል ተቀብሎ የከተማዋን ምዕራብ ከለለ። ውስጡ የቀረው እህል በሁለተኛው ዓመት ክረምት ፈልቶ ተቃጠለ፤ የጎተራው አንድ ወገንም ተናደ። የሟቾች ቤተሰቦች የተረፈው እንዳይፈርስ ተከራክረዋል። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ደብዳቤዎቹ በመዝገብ ቤት ተቆልፈዋል፣ ጎተራው ግን ከመንገድ ላይ ይታያል፤ ዓረብኛ ለማያነበውም ጭምር።

ስለ አሞኒየም ናይትሬት አንድ ሠራተኛ ማወቅ ያለበት ነገር ብዙ አይደለም። እሳትን ይመግባል። ከነዳጅና ከፈንጂ ይራቅ። አይታፈን። በእጅ ከሞቀ ይነገር። ከተቀጣጠለ ጅምሩን በውኃ፣ ከዚያ በኋላ ሽሽት። ይህ ሁሉ በአንድ ጆንያ ጎን ላይ፣ በሁለትና በሦስት ቋንቋ ሊጻፍ ይችላል፤ ቦታው ይበቃል።